«ጊቭ አፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና ታሪክ

ቋንቋ የሕዝብ ታሪክ የሚጠበቅበት ጎተራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገሥታት ያልፋሉ፤ ግንቦችም ይፈርሳሉ፤ ሰው በየቀኑ የሚናገራቸው ጥቃቅን ቃላት ግን የጥንቱን ዘመን ነገር በሆዳቸው ይዘው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው ሐውልትና ብራና ብቻ ሳይሆን ቃልንም ቢመረምር ብዙ ቁም ነገር ያገኛል።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ይኸውም «ጊቭ አፕ» የሚባለው ነው። ይህ ቃል ዛሬ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በእኛ በተማሪዎቹ የአማርኛ ንግግርም ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሒሳብ የከበደው ተማሪ «ጊቭ አፕ አደረግሁ» ይላል። በፈተና የወደቀውም ይህንኑ ይላል። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ የተመለሰውንም ጓደኞቹ «ጊቭ አፕ አድርጎ ሄደ» ይሉታል። አንድ ቃል እንዲህ በሰው ዕድል ላይ የሚፈርድ ከሆነ፣ ከየት እንደ መጣና በመጀመሪያ ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ አሠራር ጥቂት ልናገር። «ጊቭ» ማለት ሰጠ ማለት ነው፤ «አፕ» ማለት ደግሞ ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱን ለየብቻ የሚያውቅ የውጭ አገር ተማሪ ሲደምራቸው «ወደ ላይ ሰጠ» የሚል ትርጉም ያገኝና ግራ ይገባዋል። የሰዋስው ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ከግስና ከአንዲት ትንሽ ቃል የተጣመረ አነጋገር «ፍሬዛል ቨርብ» ይሉታል። ስሙ የቆየ አይደለም፤ ሎገን ፒርሳል ስሚዝ የተባሉት ጸሐፊ በ1925 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ሲጠቀሙበት፣ ስሙን የነገሯቸው ከታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ሄንሪ ብራድሊ መሆናቸውን ገልጸዋል።

ችግሩ ግን ከስሙ ይልቅ ሽማግሌ ነው። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን፣ እነዚያው ስለ ሐበሻው ልዑል ስለ ራሴላስ በ1759 ልብ ወለድ ታሪክ የጻፉት ሊቅ፣ በ1755 ባሳተሙት መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ይህን ዓይነት አነጋገር ለይተው አንሥተውታል። ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ በእንግሊዝኛ እንደሚበዛ፣ ለውጭ አገር ሰውም እጅግ የሚያስቸግረው ይህ እንደ ሆነ አስታውቀው፣ እነዚህን ቃላት በብዙ ጥንቃቄ እንደ ሰበሰቧቸው ተናግረዋል። እንግዲህ «ጊቭ አፕ»፣ «ጊቭ ኢን»፣ «ጊቭ ኦቨር» እየተባለ ሲነገረን ራሳችንን የምናሳምም ተማሪዎች ብቻችንን አለመሆናችን ሊያጽናናን ይችላል።

ነገር ግን የእኛም አማርኛ በዚህ ነገር የዋህ አይደለም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ዳሩ ግን አንዱ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲገባ ሌላው ወደ ወኅኒ ይወርዳል። በእንግሊዝኛም «አፕ» የምትባለዋ ቅንጣት የምትሠራው ሥራ ከዚህ የሚመሳሰል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረው የጥንቱ እንግሊዝኛ ይህችን ትንሽ ቃል እንደ ዛሬው ከግሱ በኋላ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከግሱ በፊት አጣብቆ ይናገር ነበር። ሰጠ የሚለው ግስ ያን ጊዜ «ዬቫን» ይባል ነበር። ከፊቱ «ኦፍ» ቢጨመርበት «ኦፍዬቫን» ይሆንና ትቶ ሄደ ማለት ነበር፤ «ፎር» ቢጨመርበት «ፎርዬቫን» ይሆንና ሰጠ ወይም ይቅር አለ ማለት ነበር። ዛሬ ይቅርታ ማድረግን «ፎርጊቭ» የሚሉት የዚያ ቅሪት ነው። የጠላት ወታደር ሲሸነፍ ግን «ጊቭ አፕ» የሚል ቃል ገና አልነበራቸውም።

ታዲያ ምን ይሉ ነበር? ዜና መዋዕላቸው ስለ 882 ዓመት ሲናገር፣ ንጉሥ አልፍሬድ በመርከብ ወጥተው ከአራት የዴን መርከቦች ጋር እንደ ተዋጉ፣ ሁለቱን እንደ ማረኩ፣ የሌሎቹ ሁለት መርከቦች ሰዎችም ብዙ ከቈሰሉ በኋላ እንደ ተሸነፉላቸው ይተርካል። ተሸነፉላቸው ለማለት የተጠቀመበት አነጋገር በቀጥታ ሲተረጐም «ወደ እጃቸው ገቡ» የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህ አነጋገር እንግዳ ሆኖ አይታይህም፤ እኛም የተማረከውን ሰው «እጁን ሰጠ» እንላለንና። በሩቅ አገር ያሉ ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ሽንፈትን በእጅ መስለው ተናግረዋል። የተሸነፈ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው የእጁን ሥልጣን ነውና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

እነዚሁ ዴኖች፣ ማለት ከስካንዲናቪያ የመጡት የባሕር ወንበዴዎችና ወታደሮች፣ በ793 የሊንደስፋርንን ገዳም ዘረፉ፤ በ865 በትልቅ ጭፍራ መጡ፤ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ሰፍረው ቀሩ። በ1016 ክኑት የተባሉት የዴን ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኑ። ቋንቋቸው ከእንግሊዝኛ ጋር የሥጋ ዘመድ ስለ ነበር ሁለቱ ሕዝቦች ጎን ለጎን ሲኖሩ ቃላቸው ተቀላቀለ። «ዘይ»፣ «ቴክ»፣ «ስካይ»፣ «ኤግ»፣ «ሎው» የሚሉት የየቀኑ ቃላት ከዴኖች ወገን የመጡ ናቸው። «ጊቭ» የሚለውም ግስ «ዬ» የነበረውን ድምፅ ለቆ ዛሬ በ«ጊ» የሚነገረው በእነርሱ ቋንቋ ምክንያት ነው።

በስካንዲናቪያውያን ቋንቋ ደግሞ ትንሿን ቃል ከግሱ በኋላ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር፤ አሳልፎ ሰጠ ለማለት «ጌቫ ኡፕ» ይሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት «ጊቭ አፕ» የሚለው አነጋገር ከዴኖች የተወረሰ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንግሊዝኛ ራሱ ወደዚያው መንገድ ጀምሮ ነበርና የዴኖች ቋንቋ ያፋጠነው ብቻ ነው ብለው ይከራከራሉ። በሁለቱም ወገን ግን ቃሉ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ዴኖች በሰፈሩበት በምሥራቅ እንግሊዝ በፒተርቦሮ ገዳም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የፒተርቦሮ መነኮሳት ገዳማቸው በ1116 ተቃጥሎ መጻሕፍታቸው ስለ ጠፉ የአገራቸውን ዜና መዋዕል እንደ ገና ገልብጠው እስከ 1154 ድረስ ጽፈውታል። ብራናው ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የመጨረሻውን ክፍል የጻፈው መነኩሴ የሚተርከው ስለ ንጉሥ ስቲቨን መከረኛ ዘመን ነው። ቀዳማዊ ሄንሪ በ1135 ሲሞቱ የእኅታቸው ልጅ ስቲቨን ዙፋኑን ያዙ፤ የሄንሪ ልጅ ማቲልዳም ዙፋኑ የእኔ ነው ስላሉ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ። በዚያን ጊዜ ግንብ ያለው ሰው ሁሉ በግንቡ ውስጥ እንደ ንጉሥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ግንብ የነበራቸው የሳልዝበሪው ጳጳስ ሮጀር ነበሩ። እኒህ ጳጳስ የመንግሥቱን ሥራ ለብዙ ዓመታት የመሩ ሲሆኑ፣ ዘመዳቸው አሌክሳንደር የሊንከን ጳጳስ፣ ሌላው ዘመዳቸው ናይጀል የኢሊ ጳጳስ፣ ሮጀር የተባለው የቤታቸው ልጅም የንጉሡ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። ንጉሥ ስቲቨን ወደ ማቲልዳ ያደላሉ ብለው ስለ ጠረጠሯቸው በሰኔ 1139 በኦክስፎርድ ጉባኤ ላይ የጳጳሳቱ አሽከሮች ያነሡትን ጠብ ምክንያት አድርገው አሰሯቸው። ናይጀል አምልጠው ዲቫይዘስ በተባለው ግንብ ውስጥ መሸጉ። ንጉሡም እስረኞቹን ወደዚያ ወስደው ግንቡ ካልተከፈተ ጸሐፌ ትእዛዙን እሰቅላለሁ ብለው አስፈራሩ። በዚህም ዲቫይዘስ ተከፈተ፤ የአሌክሳንደር ግንቦች ኒዋርክና ስሊፈርድም እንዲሁ ለንጉሡ ገቡ። አረጋዊው ጳጳስ ሮጀር በዚያው ዓመት ሞቱ።

መነኩሴው ይህን ሲጽፍ፣ ንጉሡ ጳጳሳቱን ግንቦቻቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ እንዳሰሯቸው ይናገራል። «እስኪያስረክቡ» በምንልበት ቦታ ላይ የጻፈው «ያቨን ኡፕ» የሚል ነው፤ ይህም የዛሬው «ጊቭ አፕ» ነው። እንግዲህ ቃሉን በልጅነቱ ስናገኘው የልብ ድካም ስም አልነበረም፤ የግንብ ቁልፍ የማስረከብ ስም ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ አራት ነገሮች ተሟልተው ይታያሉ፤ የሚሰጥ ሰው አለ፤ የሚቀበል ሰው አለ፤ የሚሰጥ ነገር አለ፤ የሚያስገድድ ኀይልም አለ።

«አፕ» ለምን ተጨመረ? ቢባል ሁለት ነገር መመልከት ይቻላል። አንደኛው፣ የተሸነፈ ሰው ከታች ሆኖ ከላይ ላለው ጌታ ስለሚያስረክብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ «አፕ» ፈጽሞ፣ ጨርሶ የሚል ትርጉም ስላለው ነው። ምግቡን ጨርሶ በላ፣ ውኃውን ጨርሶ ጠጣ፣ ቤቱ ፈጽሞ ተቃጠለ ሲሉ ሁሉ «አፕ» ይጨምራሉ። ስለዚህ «ጊቭ አፕ» ማለት መልሶ ላይወስድ ፈጽሞ ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቃሉ ከግንብ ወጥቶ መንገድ ጀመረ። የመጀመሪያው ታላቅ ማረፊያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የጥንቱ የእንግሊዝኛ ወንጌል የጌታን ሞት በዮሐንስ ምዕራፍ 19 ሲተርክ፣ ትንሿን ቃል እንደ ጥንቱ ልማድ ከግሱ በፊት አድርጎ መንፈሱን አሳልፎ ሰጠ ይላል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚያው ቦታ ላይ ትንሿን ቃል ከግሱ በኋላ አድርጎ «ጊቭ አፕ»ን ይጠቀማል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ካነበብንባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በአማርኛም «ነፍሱን ሰጠ» እንላለን። ነፍስ እንደ ግንብ ተቈጥራ ለባለቤቷ ስትመለስ ማየት የሚያስተክዝ ቢሆንም፣ እዚህም ላይ ሰጪና ተቀባይ፣ የሚሰጥም ነገር እንዳለ እናስተውል።

ቀጥሎ ቃሉ ወደ ኑሮ ነገር ገባ። ለሽማግሌ ወንበር የለቀቀ፣ ማጨስ የተወ፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ሕመምተኛው አይድንም ብሎ ተስፋ የቈረጠ ሐኪም፣ ሸሽቶ ኖሮ ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ወንጀለኛ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» ይባልላቸዋል። በመጨረሻም የሚሰጠው ነገር ራሱ ከንግግሩ ውስጥ ጠፋ። በ1623 በታተመው በሼክስፒር «ሲምበሊን» በተባለው ድርሰት ውስጥ አንዲት ልዕልት ከመተኛቷ በፊት የምታነበው መጽሐፍ፣ ፊሎሜላ የተባለች የጥንት ተረት ሴት በግፈኛ እጅ የተሸነፈችበት ስፍራ ላይ ታጥፎ ተገኘ ይላል። ተሸነፈች ለማለት «ጊቭ አፕ» ብቻውን ቆሟል፤ ምን እንደ ሰጠች አይናገርም። ዛሬ በእኛ አፍ የሚነገረው ይህ ባዶ የሆነው «ጊቭ አፕ» ነው።

በእኔ አስተያየት የቃሉ ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል ለመልካም ነገርም ለክፉ ነገርም ያገለግላል፤ የሚለየውም የሚሰጠው ነገር ብቻ ነው። መጠጥ መተው ክብር ነው፤ ተስፋ መቍረጥ ጉዳት ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን በአንድ ልብስ ያለብሳቸዋል። ለዚህ ከእንግሊዝና ከአገራችን የጋራ ታሪክ አንድ ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 1868፣ በእኛ በ1860 ዓመተ ምሕረት፣ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ በመጡ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን እንዲለቁ፣ ራሳቸውም ለእንግሊዝ ንግሥት እንዲገቡ ጠየቋቸው። ንጉሠ ነገሥቱ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም፤ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ራሳቸውን ገደሉ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ነገር «ጊቭ አፕ» ነው፤ አንዱን አደረጉ፣ ሁለተኛውን አላደረጉም። በአማርኛ ግን «ለቀቁ» እና «እጅ አልሰጡም» ተብሎ ልዩነቱ ይታወቃል።

ሌላው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 በአላባማ ክፍለ ሀገር በሞንትጎመሪ ከተማ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ የተባሉት የ42 ዓመት ጥቁር ሴት በአውቶቡስ ውስጥ ወንበራቸውን ለነጭ ተሳፋሪ ልቀቂ ቢባሉ እምቢ አሉ። የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ይህን የሚጽፉት ወንበራቸውን «ጊቭ አፕ» አላደረጉም ብለው ነው። ለሽማግሌ ቢሆን ጨዋነት የሚሆነው ወንበር መልቀቅ በዚያ ቀን ለግፍ መገዛት ይሆን ነበር። ወይዘሮዋ ታሰሩ፤ የከተማው ጥቁር ሕዝብም 381 ቀን በአውቶቡስ ሳይሳፈር ቆየ፤ በ1956 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ ሰውን በቀለም መለየት ሕግን የሚቃወም ነው ብሎ ፈረደ። አንዲት ወንበር ግንብ ሆነች ማለት ነው።

ከ«ጊቭ አፕ» ጋር የሚምታታ ሌላ ቃል «ጊቭ ኢን» ነው። ይህ ለሚገፋ ኀይል መሸነፍ ማለት ነው። ዊንስተን ቸርችል ጥቅምት 29 ቀን 1941 በልጅነታቸው ወደ ተማሩበት ወደ ሃሮው ትምህርት ቤት ሄደው ለተማሪዎቹ ሲናገሩ፣ በጭራሽ እንዳይበገሩ በብርቱ መከሯቸው። ሰዎች ንግግሩን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ «ጊቭ አፕ» ያደርጉታል፤ እርሳቸው ግን የተናገሩት «ጊቭ ኢን» ነው። ደግሞም አንድ ነገር ለይተዋል፤ ለክብርና ለመልካም አእምሮ ሲባል ብቻ መሸነፍ እንደሚገባ ተናግረዋል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ያለ እርሱ ምክሩ ግትርነት ይሆናል፤ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ሲያውቅ መተው አለበትና።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው? አማርኛ በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጠያቂ ነው። በአማርኛ ዝም ብሎ «ሰጠሁ» ማለት አይቻልም፤ «ምን ሰጠህ? ለማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እጅ መስጠት፣ ተስፋ መቍረጥ፣ ሥራ መልቀቅ፣ ሱስ መተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቃል አላቸው። ስለዚህ በታች ክፍል ላሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። «ጊቭ አፕ አደረግሁ» ለማለት አፋችሁ ሲከፈት፣ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሱት። «ይህን የሒሳብ ጥያቄ ዛሬ ማታ ተውሁት» ማለት ይሆን? እንግዲያስ ነገ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል። ወይስ «ትምህርቴን ተውሁ» ማለት ነው? ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ወላጅ የደከመበትን ግንብ ያለ ጦርነት ማስረከብ ነውና ብዙ ምክር ያስፈልገዋል። በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ትንሹ ነገርና ትልቁ ነገር ተደባልቀው ስለሚቀመጡ፣ በአንድ ጥያቄ የተሸነፈ ልጅ በሁሉ የተሸነፈ ይመስለዋል።

በእንቆቅልሽ ጨዋታችን የእንግሊዝ ልጅ መልሱ ሲጠፋበት «ጊቭ አፕ» በሚልበት ቦታ ላይ፣ እኛ ደግሞ «አገር ስጠኝ» እንባባላለን። ያላወቀው ልጅም «ጎጃምን ሰጠሁህ» ይላል፤ ጠያቂው ካልወደደው ሌላ አገር ይለምናል። ጳጳሳቱ ግንብ እንደ ሰጡ ልጁም አገር ይሰጣል ማለት ነው። ነገር ግን አገሩን ከሰጠ በኋላ መልሱ ይነገረዋል፤ ያንንም መልስ ይዞ በሚቀጥለው ተራ እርሱ ራሱ «እንቆቅልሽ» ብሎ ይጠይቃል። አገር የሰጠው በአንድ እንቆቅልሽ ነው እንጂ ከጨዋታው አልወጣም።